የኋላ ወንበሩ ዳንቴል

ነገሌ ቦረና
መስከረም 12 ቀን 2016 ዓ.ም.

ይድረስ ለልጄ ለዕፀገነት ወልደገብርኤል፣ ናይሮቢ

ለጤናሽ እንደምን ሰንብተሻል? አዲሱን ዓመት በሰላም ያሻገረን አምላክ ስሙ ይመስገን። እኛ ከጆሮዬና ከመኪናዬ በቀር ሁላችንም ደህና ነን። ጆሮዬን መድፍ እንደበላው ታውቂያለሽ። በስልክ ላናግርሽ ስሞክር እኔ ስጮህ ሰፈሩ ይወጣል፣ አንቺ የምትዪው ደግሞ አይሰማኝም። ስለዚህ ለእኔና ላንቺ ወረቀት ይሻለናል። ይህንን የካሚዮን ሾፌሩ ራሺድ በሬ ጭኖ ሞያሌ ሲወርድ ይዞት ሄዶ ለናይሮቢው አውቶቡስ ሾፌር ይሰጥልኛል።

መጀመሪያ ደስታውን ልንገርሽ። ረሆቦት ልታገባ ነው። እህትሽ ማለቴ ነው፤ የአጎት ልጅ የሚባል ነገር እኔ ቤት አይሠራም፣ ወንድሜ ወልደገብርኤል ነፍሱን ይማረውና ካረፈ ጀምሮ ከአንድ ገበታ በልታችሁ ነው ያደጋችሁት። ሙሽራው ዮሴፍ ይባላል፣ ያቤሎ የከብት ሐኪም ነው። ሽማግሌ ሲልክ እንደ ደንቡ ፊቴን ኮስተር አድርጌ መለስኳቸው። በሁለተኛው ግን ልጁን ወደድኩት። ሲያናግረኝ ፊቴን እያየ ቀስ ብሎ ስለሚናገር አንድም ቃል አላመለጠኝም። ሠርጉ ጥር 26 ነው፤ እዚህ እንድርና ያቤሎ እናስገባታለን።

ችግሩ እዚህ ላይ ነው። ረሆቦት ገና ስትድህ፣ ከዚህ ቤት የምትወጪው እኔ ራሴ በምነዳው በገዛ መኪናዬ ነው ብዬ ምያለሁ። ያኔ መኪና ቀርቶ ብስክሌት አልነበረኝም፤ የጦሩን ካሚዮን ነበር የምነዳው። አሁን መኪናውም አለ፣ ልጅቷም አደገች። መኪናዋ ግን ታማለች።

የገዛኋት ጊዜ ጽፌልሽ ነበር፣ የእርዳታ ድርጅት ሠራተኛ የነበረ ፈረንጅ አገሩ ሲገባ ሸጠልኝ ብዬ። ሃይብሪድ የሚሏት ናት፤ ግማሹን በቤንዚን፣ ግማሹን በትልቅ ባትሪ ትሄዳለች። ዕድሜዋ የገፋ ቢሆንም ነዳጅ በጠፋ ጊዜ ከተማው ሁሉ ቆሞ እኔ ብቻ እሄድ ነበር፤ ለዚያም ነው የሰው ዓይን የበላኝ። አሁን ጠዋት ጠዋት ደህና ትሄዳለች። ፀሐይ ሲበረታ ወይም ዳገት ስትይዝ ግን ከኋላ ወንበር በኩል አንድ ነገር ይጮሃል፣ እኔ እንኳ እሰማዋለሁ። ከዚያ ቀይ መብራት ይበራል፣ ጉልበቷ ያልቅና ቀጥ ትላለች። ጥላ ሥር አቁሜ ትንሽ ከቆየሁ ደግሞ ምንም እንዳልሆነች ትነሳለች።

ሐዋሳ ወስጄ አሳየኋት። በዛብሽም ሚስት ናትና ብቻህን አትሄድም ብላ አብራኝ ሄዳ ከኋላ ተቀምጣ ነበር። ልጆቹ ኮምፒዩተር ሰክተው አዩና ባትሪው ከመጠን በላይ ሞቋል፣ አልቆለታል፣ ይቀየር አሉኝ። የኋላ ወንበሩን ከፍተው ሊያዩ ሲሉ በዛብሽ በግሪስ እጃችሁ የወንበሬን ዳንቴል አትነኩም ብላ ከተቀመጠችበት አልነሳ አለች፤ እነሱም ኮምፒዩተሩ ይበቃናል ብለው ተዉት። የአዲሱን ባትሪ ዋጋ ሲነግሩኝ ጆሮዬ ያሳሳተኝ መስሎኝ አስደገምኳቸው። የሠርጉን ድግስ ያህላል። እንግዲህ ወይ ሠርግ ወይ ባትሪ ነው።

እዚህ ደግሞ የቆርቆሮና የሚስማር ነጋዴው ኃይለመስቀል ዓይኑን በጨው አጥቦ ማታ ማታ እየመጣ መኪናዋን ይዞራታል። ለመለዋወጫ ገነጣጥሎ ሊሸጣት ነው። የሚጠራው ዋጋ ደሜን ያፈላዋል፣ ግን እስካሁን እምቢ አላልኩትም።

ራሺድ እንደሚለኝ ናይሮቢ የዚህ ዓይነት መኪና ሞልቷል። ያገለገለ ባትሪ በአቅሜ የሚገኝ ከሆነ ጠያይቂልኝ፤ እሱ ጭኖ ያመጣዋል።

በዛብሽ ሰላም ትልሻለች።

አጎትሽ
ሃምሳ አለቃ ገብረወልድ


ናይሮቢ፣ ኢስሊ
ጥቅምት 4 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለምወድዎ አጎቴ ለጋሼ ገብረወልድ፣

እርስዎ፣ እትዬ በዛብሽና ሙሽራዋ ረሆቦት እንዴት ናችሁ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን በጣም ደህና ነኝ። ደብዳቤዎ የደረሰኝ ለምሳ ሰዓት ሽሮ እያማሰልኩ ሳለ ነው፤ ረሆቦት ልታገባ ነው የሚለው ላይ ስደርስ ሽሮው አረረብኝ። ደንበኞቼ የአገራችን ሾፌሮች ስለሆኑ ምክንያቱን ስነግራቸው ሁሉም እልል ብለው ያረረውን በሉልኝ።

ስለ መኪናዋ ወዲያው ጠየቅሁ። ምግብ ቤቴ ካለበት ፎቅ ሥር ሳቢር የሚባል መካኒክ አለ፤ ከእነዚህ መኪኖች ሌላ አይሠራም። ከእኔ ዘንድ በዱቤ ይበላል፣ ስለዚህ ምክሩ በነጻ ነው። የእርስዎን ደብዳቤ ቃል በቃል ተርጉሜ ነገርኩት። ያገለገለ ባትሪ ላክላቸው ስለው እጁን አወናጨፈብኝ። እዚህ የሚሸጠው አሮጌ ባትሪ እንደዚያው የደከመ ነው፤ የጋለበትን ምክንያት ሳታውቂ ብትቀይሪው አዲሱም ይግላል አለኝ።

እሱ እንደሚለው ያ ትልቅ ባትሪ የሚቀመጠው ከኋላ ወንበር ጀርባ ነው። እንደ ሰው ሙቀት አይችልም። ስለዚህ አንዲት ማራገቢያ አለችው፤ ከመኪናው ውስጥ ቀዝቃዛ አየር እየሳበች ባትሪው ላይ ትነፋለች። እርስዎ የሚሰሙት ጩኸት የእሷ ነው፤ አቅቷት ነው የምትጮኸው። ወይ ቆሽሻለች፣ ወይ አርጅታለች፣ ወይ አየር የምታገኝበት መንገድ ጠቧል። ባትሪው ጥላ ሥር አርፎ መልሶ የሚነሳ ከሆነ ደግሞ ገና አልሞተም ይላል።

ስለዚህ ጋሼ፣ እባክዎ አይሽጡ። ለኃይለመስቀል ሻይ ይጋብዙትና ይሸኙት። ረሆቦት የመኪናዋን ውስጥ፣ በተለይ የኋላ ወንበሩን፣ ከግራም ከቀኝም ፎቶ አንስታ በስልክ ትላክልኝ። ቃሉን ግን እርስዎ ይጻፉልኝ፤ የእርስዎን ጽሕፈት ሳይ ነው ቤቴን የማየው።

አንድ ነገር ልጠይቅዎ። በየደብዳቤው መጨረሻ እትዬ በዛብሽ ሰላም ትልሻለች ይሉኛል። በምን ቃል እንዳሉት እስቲ ይጻፉልኝ። ሌላ ነገር አልፈልግም።

ልጅዎ ዕፀገነት


ነገሌ ቦረና
ኅዳር 9 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለልጄ ለዕፀገነት፣

የድንግል ልጅ ይጠብቅሽ፣ ከክፉ ይሰውርሽ። መልሴ የዘገየው በእኔ ስንፍና አይደለም። የሀገያው፣ የመጸው ዝናብ ዘንድሮ የተቆጣ ነው፤ የዳዋ ወንዝ ሞልቶ ራሺድ ከነመኪናው ወዲያ ማዶ ተቀምጦ ሰነበተ። ደብዳቤሽን ከነጭቃው ነው ያስረከበኝ። ግን ሣሩ፣ ሣሩን ብታዪው። ያለፉትን ዓመታት ድርቅ ያየ ሰው ዝናብ በዛ ብሎ አፉን አይከፍትም።

ደብዳቤሽን እንደ ልማዴ ቆሜ ጮክ ብዬ አነበብኩት። ጦር ሰፈር ትዕዛዝ ሳነብ የኖርኩ ሰው ነኝ፣ ዝም ተብሎ የሚነበብ ወረቀት የተሰረቀ ይመስለኛል። በዛብሽ ኪሮሿን ይዛ፣ ረሆቦት እግሯን አጣጥፋ፣ ጎረቤታችን አረሮም በትሩን ተደግፎ ሰሙሽ። አረሮ ያው የከብት ደላላው ነው። አካም፣ ናጋ በላት ብሎኛል፤ በሽሮው ማረር ደግሞ እስኪያለቅስ ሳቀ።

የመጨረሻው ጥያቄሽ ላይ ስደርስ ግን በዛብሽ ኪሮሿን አስቀመጠችና ጓዳ ገባች። ማታ ምን ልበልልሽ ብዬ ጠየቅኋት፤ «ሰላም በላት» አለች። ይኸው አሁን በገዛ ቃሏ ነው። የቀድሞዎቹን አትጠይቂኝ።

ወደ መኪናዋ ልመለስ። የሰፈራችንን መካኒክ ቀጄላን ስለ ማራገቢያዋ አማከርኩት። ቀጄላ የናፍጣ ሞተር ዓይኑን ጨፍኖ የሚፈታ ሰው ነው። የዚችን ግን ብርቱካንማ የከፍተኛ ኤሌክትሪክ ሽቦ ሲያይ እጁን ኪሱ ከተተ፤ ልጆቼን ማን ያሳድግልኛል አለኝ። የሚሠራውን በቅደም ተከተል ቢጽፉልኝ ግን እሞክራለሁ ብሏል።

እኔ አሁን ጎህ ሲቀድ ብቻ ነው የማስነሳት፤ ቤተ ክርስቲያን ደርሼ ሳይሞቅ እመለሳለሁ። ኮንትራት የሚጠሩኝ መምህራን ሌላ መኪና ይዘዋል። ኃይለመስቀል ያልሽውን ሻይ ጠጣ፣ ሁለተኛም አስቀዳ፣ ከዚያ ዋጋውን ጭራሽ ቀነሰ። እኔም ቅስሜ ተሰብሮ ነበርና እስከ ገና ጠብቀኝ አልኩት። እስከ ገና ካልዳነች ይወስዳታል፤ ረሆቦትን በሰው መኪና እሸኛታለሁ።

እንዳሻው አግኝቶኝ ነበር፤ ያው ሊያገባሽ የነበረው። ሦስት ልጅ ወልዷል፣ ሆዱ ከሱ ቀድሞ ይደርሳል። ምንም ቂም የለበትም፣ ሰላም በልልኝ ብሏል።

ፎቶውን ረሆቦት ልካልሻለች። በዛብሽ ጠዋት መኪናዋን ጠርጋ፣ ወንበሩን አራግፋ፣ ዳንቴሉን አስተካክላ ነው ያስነሳችው። እንዴት እንዳማረ ታዪዋለሽ።

አጎትሽ ገብረወልድ


ናይሮቢ
ኅዳር 27 ቀን 2016 ዓ.ም.

ጋሼ፣ ይህን ደብዳቤ ለብቻዎ ሆነው ያንብቡት። በተለይ እትዬ ባሉበት ጮክ ብለው አያንብቡት።

ሰላምታዬ ይድረስዎ። እንዴት መጀመር እንዳለብኝ ጨንቆኝ ሁለት ወረቀት ቀድጃለሁ። ፎቶዎቹ ደርሰውኛል። ለሳቢር ሳሳየው የመጀመሪያውን አለፈ፣ ሁለተኛውን አለፈ፣ ሦስተኛው ላይ ስልኬን ከእጄ ወሰደና ወደ ዓይኑ አስጠግቶ አየ። ከኋላ ወንበሩ በስተቀኝ፣ በሩ አጠገብ፣ ትንሽ ወንፊት የመሰለ ቀዳዳ መኖር ነበረበት። ማራገቢያዋ አየር የምትስብበት እሱ ነው። በፎቶው ላይ ግን የለም። ቀዳዳው ባለበት ቦታ ላይ ዳንቴል አለ፤ በዳንቴሉ ሥር ደግሞ ላስቲክ ያንጸባርቃል።

ረሆቦትን በስልክ ጠየቅኋት። እንደነገረችኝ እትዬ መኪናዋ በተገዛች በሳምንቱ ያ ቀዳዳ ነፋስ ሲስብ እጃቸውን አስጠግተው አይተዋል። ነፋስ የሚስብ ነገር የነገሌን አቧራ ሁሉ ጠርጎ ያስገባል ብለው ላስቲኩን አጥፈው በፕላስተር ለጠፉበት፤ እንዳያስጠላም ዳንቴሉን ከላይ አድርገው ዙሪያውን በመርፌ ሰፉት። ሳቢር ይህን ስተረጉምለት አልሳቀም። ሴትዮዋ ልክ ናቸው፣ አቧራ ያስገባል አለ፤ ለዚህ ነው በየጊዜው መጽዳት ያለበት። ግን ባትሪው ሁለት ዓመት ሙሉ አፍንጫውን ተይዞ ነው የሄደው።

ዳንቴሉን አወቅሁት ጋሼ። ለእኔ አልጋ የተሠራው ነው። ሠርጌን ትቼ እዚህ ከመጣሁ በኋላ እትዬ ሳጥን ውስጥ እንደቆለፉበት ሰምቼ ነበር። ከዳር ያለችውን ጠማማ አበባ የሠራኋት እኔ ነኝ፣ በልጅነቴ፣ ኪሮሽ ሲያስተምሩኝ። ልክ ቀዳዳዋ ላይ ነው ያረፈችው። ፎቶውን ሳየው አለቀስኩ። ሳቢር በመኪናዋ የማለቅስ መስሎት፣ ባትሪው እኮ ደህና ነው እያለ ሲያጽናናኝ ዋለ።

የምለምንዎት ይህን ነው። እትዬ ጥፋቱ ከሳቸው እጅ እንደሆነ እንዳያውቁ። ቤተ ክርስቲያን በሄዱበት ሰዓት ስፌቱን በቀስታ ይፍቱት፣ ላስቲኩን ያንሱት፣ ዳንቴሉን ከቀዳዳዋ ፈቀቅ አድርገው መልሰው ይስፉት። እኔን ቢያኮርፉኝ ችዬዋለሁ፤ በዚህ ልባቸው እንዲሰበር ግን አልፈልግም።

ማራገቢያዋ ብዙ ስለደከመች ሳቢር ያገለገለች ግን ደህና የሆነች ፈልጎልኛል። በዱቤው ተቻችለናል፤ ለእርስዎ የሠርግ ስጦታዬ ናት። በካርቶን አሽጌ ከዚህ ደብዳቤ ጋር ልኬያታለሁ። ለቀጄላ የሚሆነውን በሌላ ወረቀት ጽፌያለሁ፤ መኪናዋ ጠፍታ ቁልፉ ከራቀ በኋላ የጎኑን ክዳን ብቻ ነው የሚፈታው፣ ብርቱካንማዎቹን ሽቦዎች አይደርስባቸውም። ልጆቹን ራሱ ያሳድጋል ይበሉልኝ።

ልጅዎ ዕፀገነት


ነገሌ ቦረና
ታኅሣሥ 14 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለልጄ ለዕፀገነት፣

አምላክ እድሜሽን ያርዝምልኝ። ሁለት ወሬ አለኝ፤ አንዱ ያስደስትሻል፣ አንዱን እኔም ምን እንደምለው አላወቅኩም።

ራሺድ ካርቶኑንና ደብዳቤሽን ያመጣው እራት ላይ ሳለን ነው። እኔም እንደ ልማዴ ተነስቼ ቆምኩና ጉሮሮዬን ጠርጌ ጀመርኩ፦ «ጋሼ፣ ይህን ደብዳቤ ለብቻዎ ሆነው ያንብቡት። በተለይ እትዬ ባሉበት ጮክ ብለው አያንብቡት።» ይህን ሁሉ እስከ ነጥቡ ድረስ ጮክ ብዬ ነው ያነበብኩት። ቃሉ አፌ ላይ ነው እንጂ ጭንቅላቴ ጋ አልደረሰም ነበር። ሲደርስ አፌን ከፍቼ ቀረሁ። ረሆቦት መሬት መሬት አየች። አረሮ በትሩን ይዞ ሊወጣ ተነሳ። በዛብሽ ግን እጇን እንኳ ሳታነሳ፣

«ቀጥል» አለችኝ።

ምን ላድርግ ልጄ? ሠላሳ ዓመት ትዳር ነው። ቀጠልኩ። እስከ ጠማማዋ አበባ፣ እስከ ለቅሶሽ፣ እስከ መጨረሻዋ ቃል ድረስ አነበብኩላት። ስጨርስ መቀሷን ከኪሮሹ ሣጥን አንስታ ወደ ውጭ ወጣች። ተከትያት ስወጣ መኪናዋ ውስጥ መብራት አብርታ፣ የኋላ ወንበር ላይ ተንበርክካ፣ ስፌቱን ክር በክር ትፈታዋለች። ላግዝሽ አልኳት። የመድፈኛ እጅ ለክር አይሆንም ብላ መለሰችኝ።

በማግስቱ ቀጄላ ወረቀትሽን ሾፌር ወንበር ላይ ዘርግቶ ሠራ። አሮጌዋን ማራገቢያ ሲያወጣት ፀጉር ያበቀለች ነበር የምትመስለው፤ አቧራው፣ የዳንቴሉ ክር ብናኝ፣ ለበዓል የምጭነው በግ ጠጉር ሁሉ ተጠቅልሎባታል። የላክሻትን አስገባ፣ መንገዷን በብሩሽ ጠረገ፣ ገጠመ። የእጁን ዋጋ ጠየቅሁት፤ ከአሁን በኋላ የዚህ ዓይነት መኪና ሲመጣ የሚያውቅ ሰው እኔ ነኝ፣ እሱ ይበቃኛል አለ። ሥጋ ገዝቼ ቤቱ ላክሁለት።

ከዚያ እኔ፣ ቀጄላና አረሮ ሆነን በጠራራ ፀሐይ ተነሳን። ሆን ብዬ ነው እኩለ ቀን የጠበቅሁት። እስከ ቦሬ ዳገት ድረስ ወጣን። ዓይኔ ከመብራቱ ላይ አልተነሳም፤ አረሮ መንገዱን እይ እያለ ጉልበቴን ይመታኛል። አልበራም። ቦሬ ብርድ ላይ ወርደን ገብስ ቆሎ ገዛንና ተመለስን፤ ስንመለስም አልበራም። ኃይለመስቀል በማግስቱ ማታ ሲመጣ የፊት በሩን ከፍቼ ና ግባ፣ ላንሸራሽርህ አልኩት። ሥራ አለብኝ ብሎ ሄደ።

ሁለተኛው ወሬ በዛብሽ ናት። ከዚያች ማታ ጀምሮ ዝም ብላለች። የተቆጣች አትመስልም፣ ያዘነችም አትመስልም። ዳንቴሉ መኪናዋም ላይ የለም፣ ሳጥኑም ውስጥ የለም። የት አደረግሽው ብላት ሥራህን ሥራ አለችኝ። ረሆቦትም አላወቀችም።

ደብዳቤ ሳነብ እያየሽ ያደግሽ ልጅ፣ እኔ ጮክ ብዬ እንደማነብ እያወቅሽ ለምን በሌላ ወረቀት አልጻፍሽልኝም ብዬ ልቆጣሽ ነበር። ከዚያ ያንንም ጮክ ብዬ እንደማነበው ትዝ ሲለኝ ተውኩት።

አጎትሽ ገብረወልድ


ናይሮቢ
ታኅሣሥ 27 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለጋሼ ገብረወልድ፣

እንኳን ለብርሃነ ልደቱ አደረሳችሁ። የቦሬውን ጉዞ ለሳቢር ተርጉሜለት እሱም ለጋራዡ ሰው ሁሉ ተረከ፤ መብራቱ አልበራም የሚለው ላይ ሲደርስ አጨበጨቡ። አሁን ረሆቦት በመኪናዎ ትወጣለች። እኔም ይህን በሰማሁ ቀን በደንብ ተኛሁ።

ስለ እትዬ ግን ሆዴ አላረፈም። ያንን ደብዳቤ ባልጻፍኩት እላለሁ፣ ደግሞ ባልጽፈው መኪናዋ ኃይለመስቀል ግቢ ትገነጣጠል ነበር እላለሁ። ቢያናግሩኝ ምን እንደምላቸው እንኳ አላውቅም። ለሠርጉ ዕለት ምግብ ቤቱን ዘግቼ እዚህ ያሉትን ሾፌሮች ጠላ አጠጣቸዋለሁ፤ እናንተም እዚያ፣ እኔም እዚህ እንደሰታለን።

እትዬን ሰላም በሉልኝ። በምን ቃል ቢሆን ግድ የለኝም።

ልጅዎ ዕፀገነት


ነገሌ
ጥር 4 ቀን 2016

ለዕፀገነት

ይህን የምጽፈው እኔ በዛብሽ ነኝ። ፊደሌ ትልልቅ ከሆነ ታገሺኝ፣ በመሠረተ ትምህርት የተማርኩት ነው፣ ከዚያ ወዲህ ከፊርማ ሌላ አልጻፍኩበትም። ለጋሼሽ እንዳላስጽፈው እሱ ሲጽፍም ጮክ ብሎ ነው።

ቀዳዳውን የደፈንኩት እኔ ነኝ። እኔ ቤት አቧራ የሚያስገባ ቀዳዳ ሳይደፈን አያድርም፣ አንቺም ታውቂያለሽ። መኪና በወንበሩ በኩል እንደሚተነፍስ ማን ነገረኝ? ቢነግሩኝ ኖሮ ወንፊት እሰፋለት ነበር። በዚህ ልቤ አልተሰበረም፣ አትጨነቂ። ሐዋሳ ላይ እነዚያን ልጆች ከልክዬ ዋጋ የማይቀመስ ባትሪ ልናስገዛ እንደነበር ሳስበው ግን ለብቻዬ ስስቅ ሰነበትኩ። ጋሼሽ ያበድኩ መስሎታል፣ ዝም ማለቴም ለዚያ ነው፣ አፌን ከከፈትኩ መሳቄ ነው።

የልቤን ልንገርሽ። አኩርፌሽ ነበር። እንዳሻውን በመተውሽ አይደለም፣ እሱ ደህና ሰው ነው፣ ግን ሲበላ ድምፁ ጎረቤት ይሰማል፣ እኔም ብሆን አላገባውም። ያኮረፍኩሽ ሳትሰናበቺኝ በመሄድሽ ነው። ጠዋት አልጋሽን አንጥፈሽው አገኘሁት። ስንቅ ሳልቋጥርልሽ ሄድሽ። እናት ብሆንሽ እንደዚያ አትሄጂም ነበር ብዬ ነው ዘጠኝ ዓመት የበገንኩት። ከዚያ ጋሼሽ እትዬ ልባቸው እንዳይሰበር የሚለውን ሲያነበው ሰማሁ። ለእንጀራ እናት እንደዚያ አይጨነቅም።

ዳንቴሉን መኪና ላይ ያነጠፍኩት ንቄሽ አይደለም። ሳጥን በከፈትኩ ቁጥር እሱን እያየሁ ሆዴ እየባባ ተቸገርኩ። ከዚህ ቤት ወጥቶ የሚመለስ ደግሞ ያቺ መኪና ብቻ ነበረች።

አጥቤዋለሁ። አረሮ ቤት ጓሮ ነው ያሰጣሁት፣ እዚህ ረሆቦት እንዳታየው። ጸድቷል፣ አልተቀደደም። ጠማማዋን አበባ ያኔ ልፈታት ብዬ ነበር፣ አሁንም አልፈታኋትም። ለረሆቦት የራሷ አላት። ይህ ያንቺ ነው። ባል ኖረሽ አልኖረሽ፣ ያንቺ ነው።

ከራሺድ ጋር ግን አልልከውም። ከበሬ ጋር ተጉዞ ናይሮቢ ደርሶ ምን ሊሆን ነው። መጥተሽ ውሰጂው። ለሠርጉ ነይ፣ ጠላውን እኛ እናጠጣሻለን፣ ሾፌሮችሽም አንድ ሳምንት ራሳቸው ይቀቅሉ።

ከሞያሌ በአውቶቡስ ያቤሎ ድረሺ። ጋሼሽ መኪናዋን ይዞ ይመጣል፣ እኔም አብሬው እመጣለሁ። ወንበሩ አሁን ባዶ ነው። በቀዳዳው በኩል ማንም አይቀመጥም፣ ዕቃም አይደረግም፣ እኔ ነኝ የምጠብቀው። ስለዚህ እኔ በግራ እቀመጣለሁ፣ አንቺ መሃል ትሆኛለሽ። ይጠበናል፣ ግን ይበቃናል።

በዛብሽ


ናይሮቢ
ጥር 14 ቀን 2016 ዓ.ም.

ጋሼ፣ ይህንን ጮክ ብለው ያንብቡት። አረሮንም ይጥሩት፣ በሩንም ይክፈቱት።

እትዬ፣ ሐሙስ ጥር 23 ያቤሎ ነኝ። ስንቅ ይዘውልኝ ይምጡ። መሃል እቀመጣለሁ።

ልጅዎ ዕፀገነት